ማህተም ያረፈበት ብቻ

ሁሉንም እሰበስባለሁ የሚል ሰው ቴምብር ሰብሳቢ አይባልም፤ ዕቃ አስቀማጭ ነው። ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። የዓለምን ቴምብር በአልበም ይዤ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ ካምፓላ ስዞር ኖሬያለሁ። የስደት ጓዝ ሲባል ሰው የሚያስበው ብርድ ልብስና ሰነድ ነው፤ የእኔ ሻንጣ ውስጥ የሃንጋሪ ሦስት ማዕዘን ቴምብር፣ የኩባ ዓሣ፣ የቡልጋሪያ ጽጌረዳ ነበር። ድንበር ላይ አንድ ፈታሽ አልበሙን ገልጦ፣ «ይሄ ብዙ ገንዘብ ያወጣል?» ብሎ ጠየቀኝ። «አያወጣም» አልኩት፤ እውነቴን ነበር። «ታዲያ ለምን ትሸከመዋለህ?» ሲለኝ ግን የምመልሰው አጣሁ። መልሱን ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ ካንሳንጋ ተቀምጬ ነው፤ ያውም ቤቴ ዝናብ ገብቶ።

ካንሳንጋ ከካምፓላ መሀል ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ፣ ወደ ጋባ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ካባላጋላን አለፍ እንዳሉ የሚገኝ ሰፈር ነው። የካምፓላ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ቦዳ ቦዳ (የሞተር ሳይክል ታክሲ) ነጂዎች፣ ማቶኬ (የሚበሰል ሙዝ) ሻጮችና የእኛ ሰዎች ተደባልቀው ይኖሩበታል። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ከካባላጋላ ጀምሮ እስከዚህ ድረስ ቤት ተከራይተው፣ ምግብ ቤት ከፍተው፣ እንጀራ ጋግረው ኑሮ ይዘዋል። በመንገዱ በአንዱ ወገን ሮሌክስ ይጠበሳል፤ ቻፓቲ ውስጥ የተጠቀለለ እንቁላል ማለት ነው። በሌላው ወገን ቡና ይቆላል። እኔም ጠዋት «ሴቦ»፣ ጌታው ማለት ነው፣ እየተባልኩ ወጥቼ ማታ «ጋሼ» እየተባልኩ እመለሳለሁ።

ዝናቡ በዓመት ሁለቴ ይመጣል፤ አንዴ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አንዴ ከመስከረም እስከ ኅዳር። የእኛን ክረምት የለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ይንቀዋል፤ ጠዋቱ ፀሐይ ነውና። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ነፋስ ይነሳል፣ ከዚያ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገብህ የተቀመጠው ሰው የሚናገረው አይሰማህም። በሚያዝያ አንድ ቀን እንዲህ ዘንቦ የቤቱ አሸንዳ ሞላ። ውሃው መውረጃ ሲያጣ በኮርኒሱ በኩል ተመልሶ ገባ፤ ከኮርኒሱ የወረደው ደግሞ በቀጥታ ቁም ሣጥኑ ላይ ነው። ማታ ከሥራ ስመለስ ወለሉ ደረቅ ስለነበር ምንም አልጠረጠርኩም። ቁም ሣጥኑን ስከፍት የራሰ ካርቶን ሽታ ተቀበለኝ። ላይ ላይ የነበሩት አልበሞች ውሃ ጠጥተው አብጠዋል። ከታች ያሉት ጠርዝ ጠርዛቸው ብቻ ነው የራሰው።

ቴምብር ነክቶ ለማያውቅ አንድ ነገር ልናገር። ያልተላከ ቴምብር ጀርባው ሙጫ ነው። ሙጫው እርጥበት ሲነካው እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ የዝናብ ውሃ ሲያገኘውም ያንኑ ሥራውን ይሠራል፤ ጎረቤቱን፣ ወረቀቱን፣ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። ስለዚህ ከአልበሙ ውስጥ ያወጣሁት ቴምብር ሳይሆን ቴምብር የተነባበረበት ድልብ ወረቀት ነበር።

ጎረቤቴ ምግብ ቤት ያላት ሴት ናት። ድምፄን ሰምታ ነው መሰለኝ ነጠላዋን ጣል አድርጋ መጣች።

«ጋሼ፣ ምነው? መርዶ መጣብዎት እንዴ?»

«ቴምብሮቼ ራሱ» አልኳት።

ቆማ አየችኝ፤ ከዚያ አልበሞቹን አየች። «ለነፍስ አልሆነ፣ ተመስገን ይበሉ» ብላ ዱካ ላይ ቁጭ አለችና ገጹን ከገጹ ታላቅቅ ጀመር። ሳቅም ፌዝም የለም። እንጀራ ከምጣድ የሚያነሳ እጅ ወረቀት ሲያነሳ እንዴት እንደሚጠነቀቅ ያን ማታ አየሁ።

ሰብሳቢዎች ዘንድ የቆየ ዘዴ አለ። የተጣበቀ ቴምብር በረዶ ቤት ሲገባ ሙጫው ደርቆ ይሰባበራል፤ ዕድል ከቀናም ቴምብሩ ሳይቀደድ ይላቀቃል። የእኔ ማቀዝቀዣ በረዶ ቤት የለውም፤ የእሷ ምግብ ቤት ግን ትልቅ አለው። ድልቦቹን በላስቲክ ጠቅልለን ለክትፎ ከተዘጋጀው ሥጋ አጠገብ አስቀመጥናቸው። ሠራተኞቿ እንዳይነኩት፣ «የጋሼ ነው» ብላ ወረቀት ለጠፈችበት። መጀመሪያ የወጣው አንድ ድልብ በእርግጥም ተላቀቀ፤ ደስታዬን ለመናገር ያስቸግራል። በማግስቱ ሌሊት ግን መብራት ሄደ፤ እስኪነጋም አልመጣም። ጠዋት ስደርስ እሷ ሥጋውን ለማዳን ላይ ታች ትላለች፤ የእኔ ጥቅልሎች ቀልጠው ላስቲኩ በውስጥ በኩል ላብ አውጥቷል። ፊተኛው ርጥበት ከቁም ሣጥኑ ብቻ ነበር፤ አሁን ሁለተኛ ጊዜ ራሱ።

ከዚያ በኋላ አንድ መንገድ ብቻ ቀረ፤ ሁሉንም ውሃ ውስጥ መክተት። ግቢው በረንዳ ላይ ሳፋ ዘርግቼ ለብ ያለ ውሃ ሞላሁ። አሮጌ ጋዜጣ አነጠፍኩ፤ ወረንጦና አጉሊ መነጽር ያዝኩ። ቅዳሜና እሑድ አለፈ፤ ሥራ ከወጣሁ በኋላ ያለው ማታም አለፈ። በዚህ ሥራ መሀል ነው ዝናቡ የሠራውን ሥራ ማስተዋል የጀመርኩት።

እንደ እኔ በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ያደገ ልጅ እጅ ይገባ የነበረው ቴምብር በአብዛኛው የወንድም አገሮች ነው፤ የሶቪየት ኅብረት ጠፈርተኛ፣ የምሥራቅ ጀርመን ባቡር፣ የሃንጋሪ ስፖርተኛ፣ የኩባ አበባ። ያምራሉ። ማህተምም አለባቸው፤ ግን ማህተሙ ከአንዱ ማዕዘን ላይ ሩብ ክብ ሆኖ፣ ጥርት ብሎ፣ ሥዕሉን ሳይነካ ነው የሚያርፈው። እኛ ልጆች እያለን፣ «ይሄ ከሞስኮ ተልኮ የመጣ ነው» እንባባል ነበር። ሳፋው ውስጥ ስከታቸው እነዚህ ማህተም ያለባቸው ቴምብሮች ከሁሉ የባሰ ተጣብቀው ተገኙ። አንዱን በወረንጦ ገልብጬ በመነጽር አየሁት። ፊቱ ላይ ማህተም፣ ጀርባው ላይ ደግሞ ሙሉ፣ ያልተነካ ሙጫ። ደብዳቤ ላይ ተለጥፎ አያውቅም። ፖስታ ቤቱ ለሰብሳቢ በርካሽ ለመሸጥ ብሎ ገና ከማተሚያ ቤት ሲወጣ በጅምላ ማህተም የመታበት ነው። ባሕረ ሰላጤው ላይ የነበሩት ትንንሽ ግዛቶች፣ አጅማን፣ ፉጃይራ፣ ሻርጃ፣ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያወጧቸው ብዙዎቹ ቴምብሮች እንዲሁ ናቸው። (ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የቴምብር ካታሎግ የሚናገረው በእሱ ነው።)

ይህን ነገር ከመጽሐፍ አውቀው ነበር። በእጄ ይዤ ሳየው ግን ሌላ ሆነብኝ። ያ ሁሉ ዓመት ድንበር ያሻገርኩት የመንገድ ምስክር ነው ብዬ ነበር፤ ከመካከሉ ብዙው ከማተሚያ ቤት ወደ ላስቲክ ከረጢት የሄደ ብቻ ነው።

ሌላ የከፋ ኀዘን ደግሞ አለ። በ1919 የወጣው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ስብስብ ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ ያማረ ነው። ቀጭኔው፣ ነብሩ፣ አውራሪሱ፣ ሰጎኖቹ፣ ዝሆኑ፣ ከእነሱም ጋር አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪና ንግሥት ዘውዲቱ። ይህ ስብስብ በኋላ ድጋሚ ታትሟል፤ ዋናውን ከድጋሚው የሚለየው ዋና ምልክት ጀርባው ነው። የዋናው ሙጫ ነጭና ልሙጥ ነው። የድጋሚው ቡናማ ሆኖ በሰያፍ ይሰነጣጠቃል። የእኔ ነጩ ነበር። ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር አልበሙን ገልጬ፣ ቀጭኔውን በወረንጦ ገልብጬ ጀርባውን አይ ነበር። ከሳፋው ሲወጣ ቀጭኔው እንዳለ ነው፤ ቀለሙም አልለቀቀም። ጀርባው ግን ባዶ ወረቀት ነው። ከእንግዲህ ዋናው ይሁን ድጋሚው ለሌላ ሰው ላስረዳ አልችልም፤ ምስክሩ ታጥቧል።

በተቃራኒው ደብዳቤ ላይ ተለጥፈው የሄዱት፣ ከፖስታው ላይ ቀድሞ የተነሱት ቴምብሮች ምንም አልሆኑም። ሙጫቸው ድሮ ሄዷል፤ የሚጣበቅበት ነገር የለም። ጋዜጣው ላይ ደርቀው ሲነሱ እንዲያውም የዘመን አቧራ ለቅቆላቸው ማህተማቸው ከበፊቱ በለጠ ተነበበ። አንዱ የ1947ቱ ስብስብ ነው፤ አምባ አላጌን፣ ጣና ሐይቅን፣ ራስ ዳሸንን የያዘው። በላዩ ላይ ያረፈውን ክብ ማህተም በመነጽር ተከተልኩት፤ ግማሹ ከቴምብሩ ውጭ ቀርቷል፤ የቀረው ግማሽ፣ ከላይ በፊደል ከታች በላቲን፣ «ድሬዳዋ» ይላል። ይህን ቴምብር ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንብቤው ግን አላውቅም። በዓይኔ ስፈልግ የኖርኩት ሥዕሉን ነውና ማህተሙ እንደ እድፍ ነበር የሚታየኝ።

ወሰንኩ። ማህተም ያረፈበትና ከተማው የሚነበብ የኢትዮጵያ ቴምብር ብቻ ይቀራል። ሌላው ይውጣ።

ውሳኔውን ለጎረቤቴ ነግሬያት በማግስቱ ቡና ላይ ሸንጎ ተቀመጠ። ሀበሻ ባለበት ቤት ነገር ለብቻ አይወሰንም። አንድ ተማሪ፣ «ጋሼ፣ የኳስ ብቻ ያድርጉት» አለኝ፤ ለሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በጥር 1962 የወጣውን አይቶ ነው። ያ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ተደርጎ ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ፣ ግብጽን ማለት ነው፣ 4 ለ 2 ያሸነፈችበት ነው፤ ልጁ ሳይወለድ የሆነውን ጎል በጎል ይተርካል። ሌላው፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ይያዙ አለኝ። እሱም ክፉ ሐሳብ አልነበረም። ድርጅቱ በ1963 አዲስ አበባ ሲመሠረት ኢትዮጵያ ቴምብር አውጥታለች፤ በ1975 የመሪዎቹ ጉባኤ እዚሁ ካምፓላ ሲደረግም በኬንያ፣ ዩጋንዳና ታንዛኒያ የጋራ ፖስታ ስም ቴምብር ወጥቷል። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኝ ነው፤ እኔም እዚህ ነኝ። ግን የጉባኤ ቴምብር ብዙውን ጊዜ የሚገዛው ለመቀመጥ ነው፤ የእኔ ጥያቄ ደግሞ የሄደው የቱ ነው የሚል ሆኗል።

በእውነት ልቤን የፈተነው ሌላ ነው፤ 1895። ዳግማዊ ምኒልክ ለአገራቸው ያሠሯቸው የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ላይ የዋሉት በዚያ ዓመት ነው። ቅርጹን የቀረጸው ኢዠን ሙሾን የተባለ ፈረንሳዊ፣ የታተሙትም ፓሪስ ነው። ሩብ፣ ግማሽ፣ አንድና ሁለት ግርሽ የንጉሠ ነገሥቱን ምስል፣ አራት፣ ስምንትና አሥራ ስድስት ግርሽ ዘውድ የደፋውን አንበሳ ይዘዋል። በዚያው ዓመት፣ ከካንሳንጋ በቦዳ ብዙ በማይርቀው መንጎ ኮረብታ ላይ፣ ኧርነስት ሚላር የተባለ የአንግሊካን ሚሲዮናዊ በራሱ የጽሕፈት መኪና የዩጋንዳን የመጀመሪያ ቴምብሮች ይጽፍ ነበር። ሥዕል የላቸውም። ሁለት የላቲን ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩም የዛጎል ሒሳብ ነው፤ ሁለት መቶ ዛጎል አንድ ሩፒ ይሆናል። አንዱ አገር ቴምብሩን ከፓሪስ በመርከብና በግመል ሲያስመጣ፣ ሌላው ዘንድ አንድ ሰው ጠረጴዛው ላይ የጻፈውን ወረቀት ሲቆርጥ፣ ዓመቱ አንድ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አንድ ገጽ ላይ ማየት ምኞቴ ነበር። የዛጎሉ ቴምብር ግን ዋጋው የሀብታም ነው፤ በጽሕፈት መኪና የተሠራ ስለሆነም አስመሳዩ ብዙ ነው። የምኒልኩ ደግሞ ያልተላከው በብዛት ፓሪስ ላይ ለሰብሳቢ ስለተሸጠ ዛሬም በቀላሉ ይገኛል፤ ሐረር ወይም እንጦጦ ላይ በእውነት ማህተም ተመትቶበት የሄደውን ማግኘት ነው ጭንቁ።

ሸንጎው ላይ አንድ ጥያቄ የተነሳው ከባለ ምግብ ቤቷ ጎረቤቴ ነው። «የአገርዎን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሙሉ አድርገው ቢይዙስ?» አለችኝ። ሙሉው ባለቤት አለው አልኳት። አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና፣ ዋናው ፖስታ ቤት ዘንድ የፖስታ ሙዚየም አለ፤ ኢትዮጵያ ያወጣችውን የፈለገ ሰው እዚያ ሄዶ ማየት ይችላል። እኔ የዚያን ግማሽ ግልባጭ ካንሳንጋ ውስጥ ማቆም የለብኝም።

አንድ ብቻ ከደንቤ ውጭ ያቆየሁት አለ፤ የቀይ መስቀሉ ስብስብ። በ1936 ተዘጋጅቶ ታትሞ የጣሊያን ወረራ ስላቋረጠው ሳይሸጥ ቀረ፤ በ1945 የድል ምልክት ተጨምሮበት ወጣ። እነዚህ ቴምብሮች ደብዳቤ ላይ ያልተለጠፉት የሚለጥፋቸው ሕዝብ ጦርነት ላይ ስለነበረ ነው። መቅረታቸው ራሱ ታሪክ ነውና የራሳቸውን ገጽ ሰጠኋቸው። ሙጫቸው ሄዷል፤ ይሁን።

የሚወጣውን ደግሞ ማውጣት ነበረብኝ። መሀል ከተማ አሮጌ ሳንቲምና ቴምብር የሚያገላብጥ ሰው አለ ተብዬ አንድ ካርቶን ሞልቼ ከሰፈራችን ስቴጅ፣ ከቦዳ መቆሚያው ማለት ነው፣ ቦዳ ያዝኩ። ነጂው ካርቶኑን ከፊቱ ታንከሩ ላይ አስሮ፣ እኔን ከኋላ ጭኖ፣ በመኪናው መሀል እየሾለከ ካምፓላ ሮድ ደረስን። ወርጄ ሒሳብ ስቆጥር ትራፊክ ፖሊስ ብቅ አለ፤ ቦዳዎቹ ሁሉ ባንዴ ተነስተው በየአቅጣጫው ተበተኑ፤ የእኔም ሰውዬ ከነካርቶኑ ሄደ። ብሩ እጄ ላይ ነው፤ ካርቶኑ የለም። ዋናው ፖስታ ቤት ደረጃ ላይ ቆሜ አላፊ አግዳሚውን ሳይ ቆየሁ። የሃንጋሪ ቴምብር እየሰጠሁ ልገላገል ስወጣ፣ ተወስዶ ሲሄድ አንጀቴ መላወሱ ገረመኝ።

ቦዳ ሌባ ነው የሚል ሰው እዚህ ያድምጠኝ። ካንሳንጋ ተመለስኩ። ቦዳዎቹ ስቴጁ ላይ ሊቀመንበር አላቸው፤ የእያንዳንዱን ነጂ ስልክ ያውቃል። ነገርኩት፤ ደወለ፤ ሳቀ፤ «ሙዜ፣ ይመጣል፣ ቁጭ በል» አለኝ፤ ሙዜ ሽማግሌ ማለት ነው። ሰውዬው ከመሸ ካርቶኑን እንደታሰረ ይዞ መጣ። ያልከፈልኩትን ብቻ ተቀበለ፤ ጭማሪ ስሰጠው እንቢ አለኝና ሲመልሰው ሲመልሰው በግድ ተቀበለ። «ምንድን ነው ውስጡ?» ሲለኝ ከፍቼ አሳየሁት። ከላይ ከ1979 የዩጋንዳ ቴምብሮች አንዱ ነበር፤ ኢዲ አሚን ሲወድቅ በነባሩ ቴምብር ላይ፣ «ዩጋንዳ ነጻ ወጣች 1979» የሚል ጽሑፍ ተጨምሮ የታተመበት። አንስቶ በመንገዱ መብራት አነበበውና አባቱ ስለዚያ ጊዜ የሚያወራውን ነገረኝ። ቴምብሩን ሰጠሁት። የሄደ ቴምብር ነው፤ ማህተሙም የካምፓላ ነው፤ ለእሱ ነው የሚገባው።

በሌላ ቀን ገዢውን አገኘሁት። ከካርቶኑ የፈለገው እነዚያኑ የ1979ኞቹን ብቻ ነው፤ ሌላውን በጣቱ ገፋ አደረገው። ከ1980ዎቹ ወዲህ የብዙ አገሮች ቴምብር በኒውዮርክ ወኪል በኩል ለሰብሳቢ ታስቦ በገፍ ወጥቷል፤ ዩጋንዳም ከዚያው ውስጥ ነበረች። የካርቱን አይጥ ያለበት የዩጋንዳ ቴምብር ደብዳቤ ላይ ያየ ሰው ካለ እኔ አልገጠመኝም። ኢትዮጵያ በዚህ በኩል ቁጥብ ሆና ቆይታለች፤ ይህ የሚያስመሰግናት ነው። የተረፈውን ካርቶን በመጨረሻ የወሰደው ሰፈራችን ያለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ነው፤ ለጂኦግራፊ ትምህርት። ልጆቹ ሃንጋሪን ካርታ ላይ ይፈልጋሉ።

አሁን አንድ አልበም ነው ያለኝ። የተደረደረው በዓመት አይደለም፣ በዋጋም አይደለም፤ በከተማ ነው። ሐረር፣ ድሬዳዋ፣ አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ ደብረ ማርቆስ። የድሬዳዋ ገጽ ሲሞላ የባቡሩ ታሪክ ብቻውን ይነገራል፤ ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፤ እስከዚያ ደብዳቤ የቀረውን መንገድ በበቅሎ ነበር የሚሄደው። አሥመራም የራሷ ገጽ አላት።

ያቺን የአሥመራ ገጽ አንድ ኤርትራዊ ጎረቤቴ አየና ዝም አለ። ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። ማታውን አንድ ፖስታ ይዞ ተመለሰ። «ሓወይ፣ ይሄ የአባቴ ጽሕፈት ነው» አለኝ። በ1960ዎቹ አባቱ ከአሥመራ አዲስ አበባ ላለ ወንድማቸው የጻፉት ነው። ፊቱ ላይ በሰማያዊ ቀለም የተቀባዩ ስምና የፖስታ ሣጥን ቁጥር አለ፤ የአባትየው «አ» እግሯ ወደ ግራ ታጥፏል። ገለበጥኩት፤ ጀርባው ላይ የአዲስ አበባ መድረሻ ማህተም፣ ቀኑ ጥርት ብሎ ይነበባል። መልሼ ፊቱን ሳይ ቀኝ ማዕዘኑ የለም። አንድ ልጅ ቴምብሩን ከነወረቀቱ ቀዶ ወስዶታል፤ ጥርስ ጥርሱ ያለው ቀዳዳ ቀርቷል። መነሻ ማህተሙ ከቴምብሩ ጋር አብሮ ሄዷል። ደብዳቤው ስንት ቀን መንገድ ላይ እንደቆየ ማወቅ የሚቻለው ከመነሻውና ከመድረሻው ቀን ነበር፤ አንዱ ቀረ፣ አንዱ የሆነ አገር የሆነ ልጅ አልበም ውስጥ ይሆናል። ምናልባትም አልበሙ ጠፍቷል።

ይህ የብዙ ቤት ታሪክ ነው፤ የአገር ታሪክም እንዲሁ ይቀደዳል። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 ነው። ከዚያ በፊት የምኒልክ ቴምብር ከአገር ውጭ አያስኬድም ነበር፤ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ ከኢትዮጵያው ቴምብር ጋር የጅቡቲን የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር መለጠፍ ነበረበት። ሁለቱ ጎን ለጎን የተለጠፉበት ሙሉ ፖስታ አገራችን በዓለም ፊት የነበራትን ቦታ በአንድ ወረቀት ያሳያል። ቴምብሮቹ ተቀድደው ለየብቻ ከሆኑ ግን ያንን የሚናገር የለም። የጎረቤቴን ፖስታ ገጽ ሠርቼለት ልመልስለት ስል፣ «አንተ ዘንድ ይሁን» አለኝ። ቀዳዳው ወደ ውጭ እንዲታይ አድርጌ አስቀመጥኩት።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ አዲስ አበባም ሁኑ ካምፓላ፣ ዋሽንግተንም ሁኑ ሮም፣ የእናት የአባታችሁን ሻንጣ የምትከፍቱበት ቀን ይመጣል። አሮጌ ደብዳቤ ካገኛችሁ ቴምብሩ አምሮባችሁ ከፖስታው ላይ አትቅደዱት፤ ለልጅም አትስጡት። ፕላስተር አትለጥፉበት፤ ላብ በሚይዝ ላስቲክም አትጠቅልሉት። በንጹሕ ወረቀት መሀል፣ ከወለልና ከኮርኒስ ራቅ ባለ ደረቅ ቦታ፣ ፖስታውን ሙሉውን ከነደብዳቤው አስቀምጡት።